በድምፅ ብልጫ የበቀለ ስንዴ

ሚያዝያ 25፣ 1975

ዛሬ ለስድስተኛ ክፍል አምስት ቃላት ሰሌዳ ላይ ጻፍኩ። ምልከታ። መላምት። ሙከራ። ማነጻጸሪያ። መደምደሚያ። ልጆቹ እንደ ዳዊት በዜማ ወረዱት። ገባቸው? የት አባቱ!

ርእሰ መምህሩ ጋሽ ኃይለመስቀል በመስኮት ብቅ ብለው፣ «ፋናዬ፣ መደምደሚያውን አስቀድመሽ ብታስተምሪ አይሻልም? ከበላይ የሚመጣው እሱ ነው» አሉኝ። የቀለዱ መስሎኝ ሳቅሁ። አልቀለዱም።

ሳጉሬ ከመጣሁ ሁለተኛ ዓመቴ። ብርዱን ለምጄዋለሁ። ሰዉን ግን... እንጃ።

ግንቦት 3

በገበሬ ማህበሩ መጋዘን በኩል አለፍኩ። የጣሪያው ግማሽ የለም። ለካ ቆርቆሮውን ነቅለው ለሠራተኞች ቀን የክብር መድረክ ሠርተውበታል! መድረኩ ጓድ ካሣዬን አንድ ቀን ከፀሐይ ከለለ። ከዚያ ዝናቡ ወረደ። መድረኩ ላይ ሳይሆን ስንዴው ላይ።

ጓድ ካሣዬ የአውራጃው ካድሬ ነው። ከአሰላ በላንድሮቨር ይመጣል፣ ይጮሃል፣ ይሄዳል። ስንዴው ደግሞ ዘንድሮ ገበሬው ሁሉ የሚዘራው «ምርጥ ዘር»። እጄን ጆንያው ላይ አሳረፍኩ... ይሞቃል። ሽታው የጠላ ጥንስስ።

ዙበይዳ አብራኝ ነበረች፣ ከክፍሌ ልጆች አንዷ። «ቲቸር፣ ይሄን እኮ ለአባቴም ሊሰጡት ነው። የራሳችሁን ዘር አስረክቡ፣ ደብቆ የዘራ አሻጥረኛ ነው ተብለዋል» አለችኝ። አሻጥረኛ የተባለ የት እንደሚገባ እሷም ታውቃለች።

የሻገተ ዘር ዘርተው በበጋው ምን ሊበሉ ነው? መፈክር?

ግንቦት 8

ሙከራ ጀመርን። ሁለት ሳህን፣ ሁለት እርጥብ ጨርቅ። አንዱ ላይ ከመጋዘኑ ስንዴ፣ አንዱ ላይ ከዙበይዳ አባት ከኦቦ ሁሴኖ ጎተራ የመጣ። ውሃው እኩል፣ መስኮቱም አንድ።

«ያባቴ ለምን አስፈለገ?» አለች።

«ማነጻጸሪያ ነው። እሱ በቅሎ ይሄ እምቢ ካለ፣ ጥፋቱ የውሃውም የብርዱም አይደለም ማለት ነው። የዘሩ ነው።»

ሁለቱን ሳህን እያፈራረቀች አየች። ከዚያ፣ «አሃ!» አለች። ተመስገን፣ በሁለት ዓመቴ አንድ ሰው ገባው።

ግንቦት 11

ጠዋት ስገባ ጋሽ ኃይለመስቀል የመጋዘኑን ሳህን ብቻ ፀሐይ ላይ አውጥተው ውሃ ያጠጣሉ። «ትንሽ እናግዘው ብዬ ነው። የመንግሥት ነውና ወደኋላ ባይቀር...»

ሳህኑን ተቀብዬ ቦታው መለስኩ።

ግንቦት 16

የኦቦ ሁሴኖ ሳህን ጨርቁ እስኪጠፋ ለምልሟል። የመጋዘኑ አምስት ስድስት ቡቃያ፣ ሌላው ሻጋታ። ያ ሁሉ እገዛ ታክሎበት!

ለጋሽ ኃይለመስቀል ለማህበሩ ስብሰባ እንደማቀርበው ነገርኳቸው። ፊታቸው አመድ መሰለ። «ተይ ልጄ፣ ዝም አይነቅዝም።»

«ዝምታው አይነቅዝም ጋሼ። ስንዴው ግን ነቅዟል።»

ግንቦት 20

ይሄን ካልጻፍኩት ነገ ራሴም አላምነውም።

አዳራሹ ሞልቷል። ሁለቱን ሳህን ጓድ ካሣዬ ፊት አስቀመጥኩ።

«ይሄ ለምለሙ የማነው?»

«የአባቴ ነው፣ ጓድ» አለች ዙበይዳ።

«ይሄኛውስ?»

«የመጋዘኑ።»

ሰው ሁሉ ጫማውን ያያል። ጓድ ካሣዬ ሳህኑን አንስቶ አሸተተው... አፍንጫው ነግሮታል፣ አይቼዋለሁ። ከዚያ ጉሮሮውን ጠረገ። «የግለሰብን ዘር ከሕዝብ ዘር ጋር ማወዳደር የንዑስ ከበርቴ አመለካከት ነው። ሆኖም እኛ ዴሞክራቶች ነን። ጉዳዩ ለቤቱ ይቅረብ። ዘሩ ይበቅላል የምትሉ?»

በሕይወቴ በስንዴ ላይ ድምፅ ሲሰጥ አይቼ አላውቅም። እጅ ሁሉ ወጣ። መጀመሪያ የወጣው የማን ነው? የኦቦ ሁሴኖ! የገዛ ሳህኑ ፊት ለፊቱ ለምልሞ!

«አይበቅልም የምትሉ?» ማንም የለም።

«ድምፀ ተአቅቦ?» እኔ ብቻ። እኔም ብሆን እኮ... «አይበቅልም» ሲባል እጄ የት ነበረ? ጭኔ ላይ።

ቃለ ጉባኤው ላይ «ዘሩ እንዲበቅል በአንድ ድምፀ ተአቅቦ ተወስኗል» ተብሎ ሰፈረ። ስንዴ ሆይ፣ ሰምተሃል? ከዚያ ጭብጨባ። ከዚያ የአቋም መግለጫ።

ግንቦት 23

በመምህራን ስብሰባ ግለሂስ አውርጂ ተባልኩ። «አፍራሽ ሙከራ በማካሄዴ...» ብዬ አነበነብኩ። ጋሽ ኃይለመስቀል ሲያጽናኑኝ፣ «ጎንበስ ብለው ቢያሳልፉት ሁሉም ያልፋል» አሉ። እሳቸው ጎንበስ እንዳሉ ጡረታ ሊወጡ ነው።

ኦቦ ሁሴኖን ገበያ አየሁት። ሰላም አለኝ። ፊቴን አዞርኩ። ፈሪ! ስድስት ልጅ ይዞ...

ሐምሌ 2

ትምህርት ቤት ተዘግቷል። ለመሠረተ ትምህርት ዘመቻ እዚሁ ቀርቻለሁ። ገበሬው በመንገዱ ዳር ያንን ጉድ ሲዘራ ዋለ። ጓድ ካሣዬ ከላንድሮቨሩ ሳይወርድ በመስኮት አጨበጨበ። ጭቃ አይወድም፣ ጫማው ይቆሽሻል።

ነሐሴ 6

መንገድ ዳሩ ራሰ በራ ሆኗል። እዚህም እዚያም አንዳንድ ቡቃያ... ደስ ይለኛል ብዬ ነበር። «አላልኳችሁም?» ለማለት ሳምንታት ጠበቅሁ። አላሰኘኝም። የዙበይዳ ታናናሾች ትዝ አሉኝ። ደግሞ ተናደድኩ። እጃቸውን ማን አውጡ አላቸው? እኔ ነኝ?

ነሐሴ 14

ዙበይዳ መጣች። «ቲቸር፣ አባቴ ይምጡ ብሏል።» አልሄድም አልኩ። እጄን ይዛ ጎተተችኝ።

ኦቦ ሁሴኖ ከመንገዱ ወደ ውስጥ፣ ከባሕር ዛፉ ጀርባ ወሰደኝ። ጉልበቴ ድረስ ጭቃ። ቀና አልኩ... ስንዴ! እስከ ወንዙ ድረስ ጥቁር አረንጓዴ። የእሱ ብቻ አይደለም፣ የጎረቤቶቹም።

«መንገድ ዳሩ የጓድ ካሣዬ ሳህን ነው» አለኝ። «ይሄኛው የኛ። ማነጻጸሪያ አይደል የምትሉት?»

ለካስ ዙበይዳ ገና ከስብሰባው በፊት የመጋዘኑን ስንዴ ቤቷ በሻሽ ላይ አብቅላ አሳይታለች፣ ማለቴ... ሳይበቅል አሳይታለች። ከዚያ ጎረቤት። ከዚያ ጎረቤት። በየቤቱ ሳህን ነበረ! ግማሹን ዘር አስረክበው ግማሹን ደብቀዋል።

«ታዲያ ያኔ ለምን እጅህን አወጣህ?» አልኩት።

«ኤዬ! እጅ ማውጣት መዝራት ነው እንዴ? አንቺ እውነቱን ነገርሽን፣ በቃ። ለጓድ ካሣዬ ደግሞ እጅ ሰጠነው፣ ሄደ።» ከዚያ ሳቁን አቆመ። «ቲቸር፣ ይሄን ካወቀ እኔን ያስራል፣ ስንዴውንም ይወስዳል። ላንቺ ያሳየሁት ተቆጥተሽ ስለሰነበትሽ ነው።»

አፈርኩ። ፈሪ ተብዬ ብሰደብ የማይበዛብኝ እኔ ነኝ።

መስከረም 19

ዛሬ ስብሰባ። ጓድ ካሣዬ መንገድ ዳሩን አይቶ መጥቷል። ፊቱ ቲማቲም። የአሰላ አለቆቹ ጠይቀውታል መሰለኝ። «በድምፅ ብልጫ የተወሰነ ዘር እንዴት አይበቅልም? እዚህ ውስጥ አሻጥር አለ! ማሳውን አንድ በአንድ፣ እስከ ወንዙ አስፈትሻለሁ!»

እስከ ወንዙ። ኦቦ ሁሴኖ ጫማውን ያያል። ዙበይዳ በር ላይ ቆማ እኔን።

«የሳይንስ መምህርቷስ ምን ትላለች? ያኔ ብዙ ታወራ ነበር!»

ተነሣሁ። ለዚህች ቀን ስንት ንግግር አዘጋጅቼ ነበር! ስለ ቆርቆሮው፣ ስለ ጥንስሱ፣ ስለ ሳህኑ... እውነቱን ብናገር ዘሩ ሞቷል ማለት ነው። ዘሩ ከሞተ ደግሞ ገበሬው ምን ሊበላ ነው እንዲህ ተረጋግቶ የተቀመጠው? ብሎ ይጠይቃል። ያን ያህል ደደብ አይደለም።

«ወፍ ነው፣ ጓድ» አልኩ።

«ምን?»

«ዘሩ በጣም ምርጥ ስለሆነ ወፉ ከሌላው ለይቶ ለቀመው። በምልከታዬ አረጋግጫለሁ።»

ዓይኑን አፈጠጠብኝ። ፊቴን መረመረ፣ ፌዝ አጣበት። ከዚያ ትከሻው ሲወርድ አየሁ። ለካ እሱም ለአሰላ የሚወስደው ነገር ቸግሮት ነበር። «ወፍ!» አለ። «ፀረ ሕዝብ ወፍ! የበላው ወፍ ነው የምትሉ?»

እጄ ወጣ። ከሁሉም ቀድሞ። ኦቦ ሁሴኖ ሁለተኛ።

ተቃውሞ የለም። ድምፀ ተአቅቦም የለም። ቃለ ጉባኤው ላይ «በሳይንስ ተረጋግጧል» ተብሎ ሰፈረ፣ ከሥሩም ስሜ። ጋሽ ኃይለመስቀል ስወጣ ትከሻዬን መታ መታ አደረጉ፣ «በሰልሽ» ብለው።

ላንድሮቨሩ ሄዷል። ከባሕር ዛፉ ጀርባ ስንዴው አሽቷል።