የባለቤቴ ባለቤት ማን ነው?

ለተከበሩ የሕዝብ ቤተ መጻሕፍታችን ኃላፊ፣

ለጤናዎ እንደምን ሰንብተዋል? እኔ፣ ከመስኮቱ ሥር ባለችው ወንበር ላይ አሥራ ሦስት ዓመት ሙሉ ድምፄን ሳላሰማ የማነበው ባልቴት፣ ደህና ነኝ።

በቅድሚያ በመግቢያው አዳራሽ «ማንም» በሚል ርዕስ ስለሰቀላችሁት ዐውደ ርእይ ልባዊ ምስጋናዬን አቀርባለሁ። ሠዓሊው የማያውቃቸውን ሰዎች ፎቶግራፍ ከኢንተርኔት እየለቀመ በእርሳስ መሳሉ፣ ሰው ለማየት ከቤቱ መውጣት ለማይወድ ሁሉ ትልቅ መላ ነው። አሥራ አራተኛው «ማንም» ግን ሟች ባለቤቴ ሆኖ አገኘሁት። የከተማ አውቶቡስ ሹፌር ነበር፤ ተሳፋሪው ሁሉ «ቀስ በል» እያለ ይጠራው ነበር። ፎቶግራፉን ኢንተርኔት ላይ ያወጣው ከሥራ ባልደረቦቹ አንዱ መሆን አለበት። እንግዲህ ቅሬታዬን በትሕትና ልዘርዝር።

፩. ከሥዕሉ ሥር «ደስተኛው እንግዳ» ይላል። ባለቤቴ ደስ ብሎት አይደለም፤ ፀሐይ ዓይኑ ውስጥ ገብታበት ነው። ሲስቅማ አፉን በእጁ ይከድን ነበር። ሠዓሊው ይህን ሊያውቅ አይችልም፤ ለዚህ ነው እኮ ሰው የሚጠየቀው።

፪. ስሙ እንዲጻፍ ባመለክት፣ ጸሐፊዎ ባለቤትነቴን የሚያረጋግጥ ማስረጃ እንዳመጣ ነገረችኝ። በማግስቱ የጋብቻ የምስክር ወረቀቴን ይዤ ቀረብኩ። የቢሮው ሰው በሳቅ ፈረሰ። «እማማ፣ የፎቶውን ባለቤት ማለቴ ነው እንጂ የሰውየውን አይደለም» አለችኝ ጸሐፊዎ። ለካ ሰውየው ባለቤት አያስፈልገውም። ሃያ ሁለት ዓመት ሸሚዙን ስተኩስ ምኑ ነኝ ብዬ እንደነበር እንጃ።

፫. ቀጥሎ ለማመሳከሪያ ሌላ ፎቶግራፉን እንዳመጣ ታዘዝኩ። ይህ ትክክለኛ ጥያቄ ነው፤ አላሾፍበትም። የለኝም። ተጣልተን በሰነበትንበት ሳምንት ያሉንን ፎቶግራፎች አንድ በአንድ ቀድጄ ምድጃ ውስጥ ከተትኳቸው። በሩ ላይ ቆሞ ሲያየኝ ቆየና «የአንቺን እንኳ አስቀሪ» ብሎኝ ወደ ሥራው ሄደ። ሳንታረቅ፣ በአራተኛው ቀን፣ ተራ ሲጠብቅ መሪው ላይ እንደተደገፈ ልቡ ቆመ። ዛሬ ፊቱን የማገኘው እናንተ ግድግዳ ላይ ብቻ ነው።

፬. ሥዕሎቹ በወሩ መጨረሻ ወደ ሌላ ከተማ እንደሚሄዱ ሰምቻለሁ። ስጡኝ አልልም፤ ፊቱን በአደራ ሊሰጡኝ የሚገባ ሰው አይደለሁም። የምለምነው ስሙ አብሮት እንዲሄድ ነው። ሰውን ማንም ማለት ስድብ መሆኑን፣ መዝገበ ቃላቱ ሦስተኛው መደርደሪያ ላይ ስላለ፣ ሲመችዎ ይመልከቱልኝ።

ትዕግሥትዎ ቁልፉ ከጠፋው የአስተያየት ሣጥንዎ የጠለቀ እንዲሆን እየተመኘሁ፣ «ጸጥታ ይከበር» የሚለውን ማስታወቂያዎን እስከዛሬ ሳላጓድል ያከበርኩ፣

ታዛዥዎ፣
የቀስ በል ባለቤት

ማሳሰቢያ፦ መልስዎ እስኪደርሰኝ ብዬ፣ ዛሬ ረፋድ ላይ ከሥሩ ያለውን ወረቀት አንሥቼ ሙሉ ስሙን ለጥፌበታለሁ። ጥበቃው አጠገቤ ነበር፤ «እማማ፣ ወደ ግራ ዘሟል፣ ያቃኑት» ከማለት በቀር ያጠፋው ጥፋት የለም። አቅንቼዋለሁ። ፊደሉንም አጉልቼ ስለጻፍኩት፣ ከመኪናዎ ሳይወርዱ ይነበብዎታል።