ከፈረስ ጉልበቱ ሥር ያለውን ቁጥር ያነብቡ የነበሩት የአባታችን የሕይወት ታሪክ

አባታችን ከብረት በያጅ አባታቸውና ከልብስ ሰፊ እናታቸው በ1949 ዓ.ም. ተወለዱ። ቤታቸው ከአባታቸው የብየዳ ክፍል ጋር በአንድ ግድግዳ የተያያዘ ስለነበር፣ አፍ ሳይፈቱ የመዶሻ ድምፅ ይለዩ እንደነበር አያታችን ያወሩ ነበር። በሰፈራቸው ተምረው በ1968 ዓ.ም. ከቴክኒክ ትምህርት ቤት በኤሌክትሪክ ሙያ ተመረቁ።

በ1970 ዓ.ም. በሕዝብ መዋኛ ገንዳ የፓምፕ ቴክኒሻን ሆነው ተቀጠሩ። ሠላሳ ዘጠኝ ዓመት የሠሩት ከመታጠቢያዎቹ ጀርባ አምስት ደረጃ ወደ ታች በምትወረድ፣ ክሎሪን በምትሸት ጠባብ ክፍል ውስጥ ነው።

በተቀጠሩ በሦስተኛው ዓመት ነባሩ ሞተር ተበላሸ። ገላው ላይ የተለጠፈው ታርጋ «1 ፈረስ ጉልበት» ይላል። ያንኑ የሚል አዲስ ሞተር ገጠሙ፤ በአሥራ አንደኛው ቀን ተቃጠለ። ማንም ሳይጠይቃቸው አለቃቸው ዘንድ ገብተው «እኔ ነኝ ያቃጠልኩት» አሉ። በኋላ ሁለቱን ታርጋዎች ጎን ለጎን አድርገው ሲያዩ፣ ከፈረስ ጉልበቱ ሥር በደቃቅ ፊደል ሌላ ቁጥር አገኙ፤ በአሮጌው 1.65፣ በአዲሱ 1.0። ሞተሩ በእርግጥ የሚችለው ሸክም የሚታወቀው ሁለቱ ቁጥሮች ሲባዙ ነው። ከዚያ ወዲህ ሞተር ሊገዛ ያሰበውን ሁሉ «ፈረሱን አይተህ አትግዛ፤ ከሥሩ ያለውን አንብብ» ይሉት ስለነበር፣ ዋናተኞቹ «ጋሼ ፈረሱ» የሚል ስም አወጡላቸው።

በ1974 ዓ.ም. በገንዳው በር ቲኬት ይቆርጡ የነበሩትን እናታችንን አግብተው ሁለት ሴቶችና አንድ ወንድ ልጅ ወለዱ። አባታችን ሞተር ሲያዳምጡ ቢጠሯቸውም ስለማይሰሙ፣ እናታችን «እኔን የሰማኸኝ ቀን ጆሮህን አሞሃል ማለት ነው» እያሉ ይቀልዱባቸው ነበር።

በ1995 ዓ.ም. ብዙ ለምነው ባለ ሁለት ፍጥነት ሞተር አስገጠሙ። በግማሽ ፍጥነት የሚዞር ፓምፕ ያንኑ ውሃ ለማዞር እጥፍ ሰዓት ይፈጅበታል፤ የሚበላው መብራት ግን ወደ ሩብ ገደማ ይወርዳል። «ቀስ ይበል፣ ምን አስቸኮለው?» ይሉ ነበር። በ2009 ዓ.ም. ጡረታ ሲወጡ ሞተሩን በዚያው ፍጥነት ሲዞር ትተውት ወጡ።

በ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ትንፋሽ ያጥራቸው ጀመር። ሐኪሙ ልባቸው ደክሟል ሲሏቸው «ዶክተር፣ ታርጋ ቢኖረው እናነበው ነበር» አሉ። ሐኪሙ ሳቁ። በኮሪደሩ ስንከተላቸው ግን መሳቃቸውን አቁመው ነበር። መድኃኒቱን በሰዓቱ ከመስጠትና ትራሱን ከፍ ከማድረግ ሌላ የምናደርገው ጠፋን።

በዚሁ መሃል የተካቸው ቴክኒሻን ሊጠይቃቸው መጥቶ ሞተሩ መቃጠሉን ነገራቸው። የገንዳው ቢሮ ትልቁ ይሻላል ብሎ ባለ ሦስት ፈረስ ጉልበት ገዝቷል፤ ቀኑን ሙሉ በከፍተኛው ፍጥነት ይዞራል። «ጋሼ፣ ተናገርኩ፤ ማን ይሰማኛል» አለ። አባታችን እየደከሙ ለቢሮው አንድ ገጽ ደብዳቤ አጻፉ። ልጃቸው ሦስት ጊዜ ቢሮ ወሰደው። አንዴ ኃላፊው ስብሰባ ላይ ናቸው፣ አንዴ መዝገብ ቤት ነው፣ አንዴ ደግሞ ይታያል ተባለ። አባታችን ልጃቸው በተመለሰ ቁጥር «አነበቡት?» ይላሉ። ዋሽቶ «አነበቡት» ቢላቸው «ምን አሉ?» ብለው መጠየቃቸው አይቀርምና፣ «ገና ነው፣ አባዬ» ይላቸዋል። «ከሥር ያለውን ቁጥር አስምረህበታል?» ይላሉ። አስምሮበት ነበር።

ጥር 19 ቀን 2016 ዓ.ም. ረፋድ ላይ በተወለዱ በ67 ዓመታቸው አረፉ። ደብዳቤው እስከ ዛሬ መልስ አላገኘም።

አባታችን ባለቤታቸውን፣ ሦስት ልጆቻቸውን፣ አራት የልጅ ልጆቻቸውንና አንዲት እህታቸውን ትተው ሄደዋል። ለቀብር ከመጣችሁት መካከል የገንዳው ቢሮ ሰዎች እንዳላችሁ እናያለን፤ ስለመጣችሁ እናመሰግናለን። የደብዳቤው ግልባጭ በዚህ ወረቀት ጀርባ ታትሟል። አንድ ገጽ ብቻ ነው።

ፈጣሪ የአባታችንን ነፍስ ችኮላ በሌለበት ውሃ ዳር ያሳርፍልን፤ ለእኛም መጽናናቱን ቀስ አድርጎም ቢሆን ያድርስልን።