አባዬ የሚቀዱልኝ ሻሂ

ማክሰኞ፣ ኅዳር ፱

ዛሬም ደሜ ከፍ አላለም። ሥጋ ድሮም አይወርድልኝም፤ ምስሩንና ጎመኑን እየበላሁ የብረት ኪኒኑን ሳላቋርጥ እውጣለሁ። የጤና ጣቢያዋ ነርስ «በምንድን ነው የምትውጪው?» አለችኝ። «በሻሂ» ስላት ራሷን ያዘች። ለካ ብረቱን ሰውነቴ እንዳይወስደው የሚከለክለው ሻሂው ኖሯል።

ቧንቧ ውሃ የሚባለውን የሰፈራችንን ዳገት እያረፍኩ ወጥቼ ቤት ስገባ፣ አባዬ እንደ ልማዳቸው ቅርንፉድ የገባበት ቀይ ሻሂ ቀድተው፣ ኪኒኑን አጠገቡ አድርገው ይጠብቁኛል። እናቴ ከሞተች ወዲህ በገዛ እጃቸው የሚሠሩት ይህንኑ ብቻ ነው።

«ጠጪው ልጄ፣ ቀይ ነገር ደም ይሆናል። ኢንሻ አላህ ትድኛለሽ» አሉኝ።

ልነግራቸው አፌን ከፈትኩ። እሳቸው ግን ሻሂውን በትንፋሻቸው አቀዝቅዘው ብርጭቆውን ዘረጉልኝ።

ኪኒኑን በሻሂው ዋጥኩት። ነገም ይቀዱልኛል።