ወገባቸውን መታ መታ ስላደረጉ አሥራ ሁለት ሰዎች

ለተከበሩ ወንድም ዶይል ፕሩዊት
በዌልደር ስፕሪንግስ፣ ቴክሳስ፣ የቤተ ክርስቲያናችን የጥበቃ ኮሚቴ ሰብሳቢ

ግልባጭ፦ ለሽማግሌዎች ጉባኤ፣ ለከብት መኖ ሱቁ የማስታወቂያ ሰሌዳ፣ ለፖስታ ቤቱ በር፣ እንዲሁም ማንበብ ለሚችል ሁሉ

ክቡር ሆይ፣

ይህች ወረቀት ስትደርስ እርስዎንም ቤተሰብዎንም በሙሉ ጤንነት እንድታገኛችሁ እመኛለሁ። በተለይ ደግሞ ከሰሞኑ ያስቸገረዎ የቀኝ እጅዎ አንጓ ድኖልዎ፣ እንደ ቀድሞው ሐሙስ ሐሙስ ከእኛ ጋር ዒላማ ፊት ለመቆም እንዲያበቃዎ ጠዋት ማታ እጸልያለሁ። ሐኪም ያላየው፣ መኪና መንዳትም ሆነ ዓሣ ማጥመድ የማይከለክል፣ ሽጉጥ ከማውጣት ብቻ የሚያግድ ሕመም በዕድሜዬ ሰምቼ ስለማላውቅ ጭንቀቴ እጥፍ ነው።

ለማያውቁኝ አንባቢዎች ያህል፣ ቨርሊን ስተኪ እባላለሁ። ስልሳ ስምንት ዓመቴ ነው፤ ሠላሳ አንዱን ዓመት ፖስታ ቤት መስኮት ላይ ቆሜ ያሳለፍኩ ሰው ነኝ። ባለቤቴ ኦሪን፣ ነፍሱን ይማረውና፣ ወንድም ዶይልን ገና በዘጠኝ ዓመታቸው ከጓሯችን አጥር ላይ ቆርቆሮ እየደረደረ ተኩስ ያስተማረ ሰው ነበር። ያኔ "አንተ" እያልኩ ነበር የምጠራዎ፤ ዛሬ ግን ሹመትዎን አክብሬ "እርስዎ" እልዎታለሁ፣ እስከ ደብዳቤው መጨረሻም በዚሁ ለመጽናት እሞክራለሁ።

ሽጉጥ ጠል ሆኜ የጻፍኩ እንዳይመስልዎ። ቀጭኗን ሽጉጤን ከገዛኋት ስድስት ዓመቴ ነው። ውፍረቷ ሁለት ጣት አይሞላም፣ ርዝመቷም ከመዳፌ ብዙ አያልፍም፤ አሥር ጥይት ትጎርሳለች፣ ምን ብለብስ ማንም አያያትም። ትንሽ በመሆኗ ግን ስትተኮስ ክፉኛ ትዘላለች፤ እጀታዋ አጭር ስለሆነ ትንሿ ጣት መያዣ አጥታ አየር ላይ ትቀራለች። እሷን ለመግራት ሁለት በጋ ሙሉ ሐሙስ ሐሙስ መዳፌ እየተላጠ ተለማምጃለሁ። አሁን በአሥር እርምጃ ርቀት አሥሩንም ጥይት የሻይ ሰሃን በማታህል ቦታ ላይ አሳርፋለሁ። ከኮሚቴዎ አባላት ይህን የሚችሉት ስንቶቹ እንደሆኑ የተኩስ ሜዳው ባለቤት ክሊተስ ያውቃል፤ ጨዋ ሰው ስለሆነና ሽጉጥም የሚሸጥላቸው እሱ ስለሆነ አይናገርም።

ከዚህ በኋላ ቅሬታዎቼን በቁጥር አቀርባለሁ።

አንደኛ። ባለፈው ዓመት ኮሚቴው ሲቋቋም አባል ለመሆን አመልክቼ ነበር። እርስዎም በዚያ በሚታወቅ ደግነትዎ ትከሻዬን ያዝ አድርገው፣ "እህት ቨርሊን፣ እርስዎ የኮክ ኬክዎን ይጋግሩልን፣ ተኩሱን ለእኛ ይተዉት" አሉኝ። ኬኩን ጋገርኩ። እናንተም አሥራ ሁለት ወንዶች ሆናችሁ ተመረጣችሁ፤ ቁጥሩ ከየት እንደተወሰደ ሁላችንም ይገባናል፣ ከመጀመሪያዎቹ አሥራ ሁለት መካከል አንዱ ምን እንዳደረገም እናስታውሳለን። ወዲያው አሥራ ሁለታችሁም ከክሊተስ ሱቅ አንድ ዓይነት ቀጭን ጥቁር ሽጉጥ ገዛችሁ። ክሊተስ ለገዢ ሁሉ የሚደጋግማት ነገር አለችው፣ ለእኔም ብሎኛል፦ "ወገብሽ ላይ አድርጊው፣ በሳምንትሽ መያዝሽን ትረሺዋለሽ።" ሰውዬው አልዋሸም።

ሁለተኛ። እዚህ ላይ በትሕትና ይቅርታ እየጠየቅሁ የሽንት ቤት ወሬ ማንሳት ግድ ይለኛል። ሰው ሲቀመጥ ቀበቶውን ይፈታል፤ ቀበቶው ሲፈታ የሽጉጡ ማህደር ይንጠለጠላል፤ ያኔ ሰነፍ ሰው ሽጉጡን መዝዞ አጠገቡ ካለው የወረቀት ሣጥን ላይ ያስቀምጠዋል። ሣጥኑ ለዚሁ የተሠራ ይመስል ጠፍጣፋ ነው። ተምረናል የምንል ሰዎች ግን ሽጉጡን ከነማህደሩ እግራችን መሐል ከተሰበሰበው ሱሪ ውስጥ እንተወዋለን፤ ሱሪውን ሳይታጠቅ የሚወጣ ሰው የለማ። ይህን በሥልጠናው የመጀመሪያ ቀን ያስተምራሉ። ከአሥራ ሁለቱ አንዱ ያን ቀን ዓሣ ሊያጠምድ ሄዶ ይሆናል።

የዛሬ አሥር ቀን ረቡዕ፣ እናንተ በአዳራሹ እራት ስትበሉ፣ የመጋቢያችን ባለቤት ኔድራ በኋለኛው ክፍል ለዘጠኝ ሕፃናት መዝሙር ታስተምር ነበር። ከዘጠኙ አንዷ የልጅ ልጄ ታንዚ ናት፤ ስድስት ዓመቷ ነው፣ እናቷ በሆስፒታል ፈረቃ ስለምትሠራ ከእኔ ጋር ነው የምትውለው። ኔድራ ከክፍሉ ጎን ወዳለችው ትንሽ ሽንት ቤት ጎራ ስትል በወረቀቱ ሣጥን ላይ ያን ቀጭን ጥቁር ሽጉጥ አገኘች። ኔድራ በሕይወቷ መሣሪያ ነክታ አታውቅም። በሩን ገርበብ አድርጋ፣ ልጆቹን "ንቅንቅ እንዳትሉ" ብላ፣ እርስዎን ለመጥራት ወደ አዳራሹ ሮጠች። እንደነገረችኝ አራት ደቂቃ ቢሆን ነው። ስትመለሱ ሽጉጡ የለም። ልጆቹ እንደተቀመጡ ነበሩ፤ "እንደዚያ ጭጭ ብለው አይቻቸው አላውቅም" ብላኛለች ኔድራ።

እርስዎም ወዲያው ፍርድ ሰጡ። "ባለቤቱ ተመልሶ ወስዶታል፣ አበቃ" አሉ። ለዚህ ፍጥነትዎ ያለኝን አድናቆት መግለጫ ቃል አጣሁለት። ታንዚን በዚያው ምሽት ጠየቅኋት፤ "ማንም አልወጣም አያቴ" አለችኝና ተኛች።

ሦስተኛ። ኔድራ እንቅልፍ አጥታ ሽማግሌዎቹን ስለወተወተች፣ እሑድ ከአምልኮ በኋላ ኮሚቴው ሽጉጦቹን እንዲቆጥር ታዘዘ። የቆጠራውን ሥርዓት በዓይኔ አይቻለሁ፣ ሰሃን ላጥብ እዚያው ነበርኩና። አሥራ ሁለት ወንዶች ክብ ሠርተው ቆሙ። እርስዎ "ወንድሞች፣ ሁላችሁም ይዛችኋል?" አሉ። አሥራ ሁለቱም ቀኝ ወገባቸውን በሸሚዛቸው ላይ መታ መታ አደረጉ። አንዱም አላወጣም፤ አንዱም ሸሚዙን አልገለበም። በከተማችን የሰው ሽጉጥ አይጠየቅም፣ አሳየኝ ማለት ውሸታም ነህ ከማለት አይተናነስም። እርስዎም "አሥራ ሁለት፣ ሙሉ ነው" ብለው በመዝገቡ ላይ ጻፉ፣ ከዚያም ሁላችሁም ኬኬን በላችሁ። ሸሚዝ በመደባበስ መሣሪያ ለመቁጠር ያሰበ ሌላ ኮሚቴ በምድር ላይ ስለመኖሩ እጠራጠራለሁ፤ ስለዚህ ፈጠራዎም ምስጋናዬ ይድረስዎ።

አራተኛው ቅሬታዬ በራሴ ላይ ነው፣ ታግሠው ያንብቡልኝ። ከትናንት በስቲያ ሐሙስ በተኩስ ሜዳው መጥተው አንጓዎን እያሹ ዳር ቆመው ነበር። እኔ ተኩሼ ስጨርስ እንደ ጨዋ ልጅ ቀለሆቼን ሊለቅሙልኝ ጎንበስ አሉ። ሸሚዝዎ ወደ ላይ ተሳበ። ማህደሩ ወገብዎ ላይ ነበር፣ ባዶውን። እኔም አይቼ እንዳላየ ሆንኩ። "አመሰግናለሁ" ብዬ ቀለሆቹን ተቀበልኩዎና ወደ ቤቴ ሄድኩ። ስልሳ ስምንት ዓመት የኖርኩበት ጨዋነት አፌን ያዘኝ። ሌሊቱን ሙሉ በገዛ ራሴ ስናደድ አደርኩ፣ እስካሁንም አልወጣልኝም።

አምስተኛ። ትናንት ግን ጨዋነቴን ቤት ትቼ ወደ ጎማ መጠገኛዎ መጣሁ። በዚያም የተነጋገርነውን ሰው ሁሉ እንዲያውቀው አንድም ሳልጨምር እጽፈዋለሁ። "ዶይል፣ ያንተ ነው አይደል?" አልኩዎ። "የሰው ወገብ መቆጣጠር ከመቼ ወዲህ ነው የጀመሩት፣ እህት ቨርሊን?" አሉኝ። ከዚያ ድምፅዎን ዝቅ አድርገው፣ "ሕንፃውን ሁለቴ አገላብጬ ፈትሻለሁ፣ የሆነ ቦታ ይገኛል" አሉ። ለሽማግሌዎቹ ለምን አይናገሩም ብልዎ፣ "ሰብሳቢነቴ አበቃ ማለት ነው" አሉኝ። ለሸሪፉስ ብልዎ፣ "እሱማ ጭራሽ አይሞከርም፤ የባለቤቴ ወንድም እዚያ ነው የሚሠራው፣ እስክሞት መሳቂያው ያደርገኛል።" ጥይት አቀባብለውበት እንደነበር ስጠይቅዎ ጎማውን ማዞር ጀመሩ። መልሱን አውቀዋለሁ። ያ ሽጉጥ ምላጩ ላይ ካለችው በቀር ሌላ መቆለፊያ እንደሌለውም አውቃለሁ፣ የእኔም እንደዚያው ነውና። ምላጩን ለመሳብ የአዋቂ ጉልበት አያስፈልግም።

ስድስተኛ ብዬ ልቀጥል አስቤ ነበር፤ ስለ መኪና ማቆሚያው ነበር፣ ትቼዋለሁ።

እንግዲህ ክቡር ሰብሳቢ፣ ነገሩን ባጭሩ ልንገርዎ። ከነገ ወዲያ ሰኞ የልጆች የበጋ ትምህርት ሳምንት ይጀመራል፤ አርባ ሦስት ልጆች ተመዝግበዋል። ጥይት የጎረሰ ሽጉጥ ጠፍቷል፤ የት እንዳለ የሚያውቅ ሰው አልተገኘም፣ የጠፋበት ሰው ደግሞ እንዳይሳቅበት ብሎ አፉን ዘግቷል። ኮሚቴዎ አንድ ዓመት ሙሉ ከውጭ የሚመጣ ክፉ ሰው ሲጠብቅ ኖረ፤ ክፉው ሰው ሳይመጣ ቀረ፣ ለዚህም አመሰግናለሁ። በዓመት ውስጥ በቤተ ክርስቲያናችን ማንንም ያስፈራ መሣሪያ ቢኖር የእናንተው ነው።

ስለዚህ በታላቅ አክብሮት የምጠይቅዎ ይህ ነው። ነገ እሑድ በጉባኤው ፊት ቆመው "የእኔ ነው፣ ረስቼው ነው፣ ጠፍቷል" ይበሉ። ስድስት ቃል እንኳን አይሞላም። ሳቅ ካለ እኔ ከፊት ወንበር ተነሥቼ አስቆማለሁ፣ ቃሌን እሰጥዎታለሁ። ሽጉጡ እስኪገኝም ሕንፃው ይዘጋ። እስከ ዛሬ እኩለ ቀን ድረስ ስልክ ካልደወሉልኝ ግን ለሸሪፉ ቢሮ ራሴ እደውላለሁ፤ የባለቤትዎ ወንድም ስልኩን ቢያነሣም ግድ የለኝም።

ላሳዩን ትጋት፣ ለመዝገብ አያያዝዎ፣ ለሸሚዝዎ ርዝመትም ጭምር ልባዊ ምስጋናዬን እያቀረብኩ፣ ሹመትዎ ይበርክት፣ አንጓዎ ይዳን፣ ማህደርዎም ባለቤቱን ያግኝ እያልኩ፣ በአክብሮት ዝቅ ብዬ እጅ በመንሣት እሰናበትዎታለሁ።

የዘወትር አክባሪዎ፣
ኬክ ጋጋሪዋ ቨርሊን ስተኪ

ድኅረ ጽሑፍ። ከላይ ያለውን ፈርሜ ቅጂዎቹን ልለጥፍ ከመውጣቴ በፊት፣ ሽጉጤን ወጥ ቤት ጠረጴዛ ላይ ፈታትቼ ስወለውል ታንዚ ኮክ እየገመጠች መጣች። ጠረጴዛውን አየት አደረገችና፣ "አያቴ፣ የእኛው ከዚህ ይቀጥናል" አለችኝ። ጨርቁን አስቀመጥኩ። እኛ ማለት እነማን እንደሆኑ በቀስታ ጠየቅኋት። ዘጠኙም ናቸው። ኔድራ ስትሮጥ አንዱ ልጅ ገብቶ አምጥቶታል፤ ማን እንደሆነ አትናገርም፣ ተማምለዋል። በተገናኙ ቁጥር አንዱ ለሌላው በቦርሳ ይሰጠዋል፣ ቤት ወስዶ ያሳድረዋል። "ሰኞ ተራው የእኔ ነው" አለችኝ፣ ደስ ብሏት። ካለፈው ረቡዕ ጀምሮ ማን ቤት እንዳለ ብለምናትም፣ ብቆጣትም፣ ባለቅስባትም አልነገረችኝም።

ለሸሪፉ ቢሮ ደውያለሁ። ለእርስዎ አራት ጊዜ ደውያለሁ፣ አያነሡም። ኔድራ የልጆቹን ስም ሰጥታኝ ሁለታችን ቤት ለቤት እየዞርን ነው፤ ሰው ያላገኘንበት በር ላይ ይህን ወረቀት እንለጥፋለን። በራችሁ ላይ ካገኛችሁት፣ ከላይ ያለውን ሁሉ ተዉት፣ የዶይልን ነገር ኋላ ትስቁበታላችሁ። ልጃችሁን አትጩኹበት። መጀመሪያ ከክፍሉ አውጡት፣ ከዚያ ቦርሳውን፣ ፍራሹን፣ የአሻንጉሊት ሣጥኑን ክፈቱ።

ዶይል፣ ያንተም ልጅ ከዘጠኙ አንዷ ናት። ዓሣውን ተውና ወደ ቤትህ ሂድ።