አቶ ገብረጻድቅ ሳህሌ፣ በጥላ የሚለኩት ሰው

አቶ ገብረጻድቅ ሳህሌ ከባቡር ሐዲድ ሠራተኛው ከአባታቸው ከአቶ ሳህሌ ወልደየስ እና ከእናታቸው ከወይዘሮ ብዙወርቅ ደስታ በሚያዝያ ወር 1912 ዓ.ም. አቃቂ ጣቢያ አጠገብ ተወለዱ። ፊደል የቆጠሩት በቤተ ክርስቲያን ነው። ዳዊት ሳይጨርሱ አባታቸው ስላረፉ፣ እናታቸውንና ታናሽ ወንድማቸውን ፈቀደን ለመርዳት በአሥራ አምስት ዓመታቸው ከመንገድ ቀያሾች ዘንድ የመለኪያ ሰንሰለት ተሸካሚ ሆነው ሥራ ጀመሩ።

ልኬትን የተማሩት እዚያው ነው። ከሁሉ ይልቅ ልባቸውን የማረከው ረጅምን ነገር ሳይወጡበት የሚለኩበት ዘዴ ነበር። ዱላ ያቆማሉ፤ የዱላውና የዛፉ ጥላ በአንድ ቅጽበት ምልክት ይደረግባቸዋል። ፀሐይ አንድ ስለሆነች ዱላውና ዛፉ ከየጥላቸው ጋር የሚሠሯቸው ሁለት ሦስት ማዕዘኖች ተመሳሳይ ናቸው። የዛፉ ጥላ የዱላው ጥላ አሥር እጥፍ ከሆነ፣ ዛፉም የዱላው አሥር እጥፍ ነው። “ትንሹ ለትልቁ ይመሰክራል” ይሉ ነበር።

በ1944 ዓ.ም. ከጥጥ ፋብሪካ የግንባታ ክፍል ተቀጠሩ። ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ይህንኑ ስሌት ለሠራተኞች ያለ ክፍያ ያስተምሩ ነበር። የፋብሪካውን ጭስ ማውጫ ለክተው ልኬታቸው ከፈረንጁ መሐንዲስ ንድፍ በአንድ ስንዝር ቢለያይ፣ የተሳሳተው ንድፉ ነው ብለው ሞግተዋል። ግትር ነበሩ። በ1946 ዓ.ም. ወይዘሮ አቻምየለሽን አገቡ። ልጅ ባይወልዱም ቤታቸው ሳቅ አያጣም ነበር።

በጥር 1952 ዓ.ም. ከቤታቸው ጀርባ ያለው ባሕር ዛፍ አዘንብሎ ስላሰጋ ሊቆረጥ ሆነ። ከሰዓት በኋላ እሳቸው ከዛፉ ጥላ ጫፍ፣ ወንድማቸው ከቤቱ ወዲያ ማዶ፣ ከማይተያዩበት፣ ከዱላው ዘንድ ቆሙ። ሁለቱ ጥላዎች በአንድ ቅጽበት እንዲያዙ ተጣርተው ምልክት ሰጡ። የዛፉን ጥላ ለክተው፣ ዛፉ ስለሚሳብበት ገመድ ከጎረቤት ጋር ተነጋግረው ሲመለሱ ከዱላው ጥላ ጫፍ ችካል ተተክሎ አገኙ። የዛፉ ጥላ ሃያ አራት ሜትር፣ የሁለት ሜትሩ ዱላ ጥላ ሁለት ሜትር ከአርባ ነበር። ዛፉ ሃያ ሜትር ነው ማለት ነው። ለጥንቃቄ ሁለት ሜትር ጨምረው በኖራ መስመር አሰመሩና ሰው ሁሉ ከዚያ ወዲያ እንዲቆም አዘዙ።

በማግስቱ ዛፉ ሲወድቅ መስመሩን አልፎ ሄደ። ወይዘሮ አቻምየለሽ የባለቤታቸውን መስመር አምነው እዚያው ጠርዙ ላይ ቆመው ነበር። አልተረፉም።

አቶ ገብረጻድቅ ለፖሊስም ለሽማግሌም “ስሌቱ የእኔ ነው” ከማለት በቀር ሌላ ቃል አልተናገሩም። በገዛ ፈቃዳቸው ልኬቱን ትተው የዕቃ ግምጃ ቤት ጠባቂ ሆኑ። ወንድማቸው ወደ ሳሪስ ሄደ፤ ለበዓል ካልሆነ አይመጣም ነበር።

ከዚያ ወዲህ ዱላ ያዙልኝ ብለው ማንንም አላስቸገሩም። ለብቻ ሰው የሚሆን ዘዴ ነበራቸው። እሑድ እሑድ ቁመታቸውን መሬት ላይ ያሰምሩና፣ የጥላቸው ራስ መስመሩን እስኪነካ ጀርባቸውን ለፀሐይ ሰጥተው ይቆማሉ። ሰው ከጥላው እኩል በሚሆንበት ሰዓት ዛፍም ከጥላው እኩል ነው። ሄደው ይለኩታል፤ በደብተር ይጽፉታል። አላፊ አግዳሚው ይስቅባቸው ነበር፤ ለምን እንደሚለኩ የጠየቃቸው ግን የለም።

በጥቅምት 1965 ዓ.ም. በጉበት ሕመም ሆስፒታል ገቡ። ወንድማቸው ከአልጋቸው አጠገብ ተቀምጦ አሥራ ሦስት ዓመት የደበቀውን ነገራቸው። ያን ቀን ሲጣሩ ከዱላው ዘንድ አልነበረም። ሲጋራ ሊገዛ ሙህዲን ሱቅ ሄዶ ወሬ ይዞት ቆየ፤ ችካሉን የተከለው ጥላው ከረዘመ በኋላ፣ ሃያ አምስት ደቂቃ ዘግይቶ ነው።

“አውቃለሁ” አሉት። “ዛፉን ወድቆ ሳለ ለክቼዋለሁ። ሃያ አራት ነበር።”

ጥላውም ሃያ አራት፣ ዛፉም ሃያ አራት። እንግዲያው በዚያ ቅጽበት የሁለት ሜትሩ ዱላ ጥላ ልክ ሁለት ሜትር መሆን ነበረበት። ሚስታቸው በሞቱበት ዕለት ይህን አስልተው ጨርሰው ነበር።

አቶ ገብረጻድቅ ኅዳር 12 ቀን 1965 ዓ.ም. በተወለዱ በሃምሳ ሁለት ዓመታቸው ዐረፉ። ከአንድ ወንድም በቀር የቀረ ዘመድ የላቸውም። ያ ወንድም እኔ ፈቀደ ነኝ። ወገኖቼ፣ ስሌታቸው ትክክል ነበር፤ ችካሉን ያዘገየሁት እኔ ነኝ።

እግዚአብሔር ነፍሳቸውን ከአቻምየለሽ ጎን፣ ብቻቸውን ከማይቆሙበት ስፍራ ያሳርፍልን። አሜን።