እጇን የያዘው ሰው

ሐሙስ ጠዋት፣ ግንቦት 14

ለምወድሽ ልጄ፣

እንደምን ሰነበትሽ? ጉንፋኑስ ለቀቀሽ? እኔ ከወገቤ በቀር ደህና ነኝ፤ እሱም አውቶቡስ ላይ ስቀመጥ ነው እንጂ ስቆም አይከፋም። ስልክ ላይ ሁለታችንም «ደህና ነኝ» ተባብለን ስለምንዘጋ፣ የዛሬውን በወረቀት ልሞክረው ብዬ ነው።

እንደነገርኩሽ፣ ለኩላሊት ሕመምተኞች የእጥበት መሣሪያ መግዣ ከተማ ለከተማ እየዞሩ ከሚጫወቱት ሙዚቀኞች ጋር ነኝ። ይኼ ዘጠነኛው ከተማችን ነው። ቀን ልብሳቸውን እሰፋለሁ፤ መርፌዬ ያልጎበኘው ሱሪ የላቸውም። ከዚያ በዘፈኑ መሀል መድረክ ላይ ወጥቼ ስለ እናትሽ ሕመምና ሞት እናገራለሁ፣ ሰው በጊዜ እንዲመረመር። ከበሮ መቺው ሁሌ ይተርበኛል።

«አባባ፣ እርስዎ አስለቅሰው ይወርዳሉ፣ እኛ ማስጨፈር አቃተን እኮ!»

«እንግዲያው አንተ ቅደም።»

«ኧረ እኔን ሲያዩማ በሳቅ ነው የሚያለቅሱት!»

ደግ ልጆች ናቸው። ያደከመኝ እነሱም መንገዱም አይደሉም።

ነገሩ የጀመረው ሁለተኛው ከተማ ላይ ነው። የምናገረውን ጨርሻለሁ፤ ኪቦርድ ተጫዋቹ ግን የጨረስኩ አልመሰለውም፣ ቀስ እያለ ይጫወታል። አዳራሹ በሙሉ ያየኛል። ያኔ አፌ ተከፈተና «እጇ እጄ ውስጥ እንዳለ ቀዘቀዘ» አልኩ። ሰው ሁሉ አለቀሰ። ከዚያ ወዲህ ኪቦርዱ ያቺን ቃል ይጠብቃታል፤ እኔም እላታለሁ። አሁንማ ለጸሎት ስንበረከክ ቀድማ የምትመጣው እሷ ሆናለች። ትናንት ፈጣሪዬን «ይቅር በለኝ» ልለው ስጀምር፣ ድምፄን ልክ እንደ መድረኩ ሳለሰልስ ለራሴው ተሰማኝ። አፈርኩ።

እጇን የያዝሽው አንቺ ነሽ። እኔ ሆስፒታሉ ኮሪደር ጫፍ ካለው ቧንቧ ሥር ፔርሙስ አጥብ ነበር። ንጹሕ ነበር፣ ልጄ። ሦስቴ አጠብኩት። ሐኪሙ እየሮጠ ክፍሏ ሲገባ አይቻለሁ፤ አይቼ ነው ውኃውን የከፈትኩት።

የቅዳሜው የመጨረሻ ዝግጅት በኢንተርኔት በቀጥታ ይተላለፋል፤ አንቺም አየዋለሁ ብለሻል። የጉዞውን አስተባባሪ፣ ምክንያቱን ሳልነግራት፣ «ያቺን ቃል ብተዋትስ?» አልኳት።

«በሞቴ፣ አባባ! እሷን ከተዉማ ምን ቀረን?»

ክፉ ሆና አይደለም። ወንድሟ በሳምንት ሦስቴ ኩላሊቱን ይታጠባል፤ መሣሪያው ለሱም ነው። ሰው እውነቱን ሰምቶ ፊቱን ቢያዞርብንስ፣ የዚያ ልጅ ነገር እንዴት ይሆናል እያልኩ ብዙ አወጣሁ፣ አወረድኩ። ግን አንቺ ስልክሽን ይዘሽ ተቀምጠሽ፣ በገዛ አባትሽ አፍ ከእናትሽ አልጋ አጠገብ ስትባረሪ ታየኝ። እሱን አልችለውም።

ስለዚህ ቅዳሜ የሆነውን እናገራለሁ፣ ፔርሙሱ ሳይቀር። ኪቦርድ ተጫዋቹ የሚገባበት ቢጠፋው ይጥፋው። ይኼን ደብዳቤ በስልኳ ፎቶ አንስታ የምትልክልሽ አስተባባሪዋ ናት፤ ዓይኗ ማረፉ አይቀርም። ይረፍ። ማፈግፈጊያ እንዳይኖረኝ ብዬ ነው ለሷ የምሰጣት።

አሁን አንድ ነገር ልጠይቅሽ። ያን ቀን ከክፍሉ ስትወጪ «አባዬ፣ እማዬ እኮ…» ብለሽ፣ እጄ ላይ ያለውን ፔርሙስ አይተሽ ዝም አልሽ። እኔም «በይ፣ እህል ቅመሺ» አልኩሽ። ይኸው ሁለት ዓመት፣ ቀሪውን ሳልጠይቅሽ። ጠርታኝ ነበር? ጠርታኝ ከሆነ አትደብቂኝ። መድረክ ላይ አልናገረውም፤ እሱ የኔ ነው።

ፈጣሪ በወጣሽበት ይጠብቅሽ። እናትሽን የያዝሽበትን እጅ ይባርክልሽ።

አባትሽ