ልጅሽ ትረዝማለች ወይ ላልሽኝ

ይድረስ ለእታለም፤ ለመሆኑ እንዴት ነሽ? ወገብሽስ ተሻለሽ? እማዬስ፣ ልብስ ሰፊው ባልሽስ፣ ልጆቹስ እንዴት ናቸው? እኔ ጤናዬ ሙሉ ነው፤ የጎደለኝ የእናንተ ድምፅ ብቻ ነው።

መልእክትሽ ደርሶኛል። ልጅሽ እኩዮቿ ጥለዋት አደጉ፣ እየተሳቀባት ትምህርት ቤት ጠላች ማለትሽ አንጀቴን በላው። ባልሽ ስታድግ ይፈታል ብሎ በቀሚሷ ጫፍ ያተረፈው እጥፋት እስካሁን አለመፈታቱ ደግሞ ባሰብኝ። መድኃኒት ነጋዴው የሚያስረዝም መርፌ አለኝ ብሏልና፣ «አንቺ ሴል ከሚያሳድጉት ዘንድ ነሽና ታውቂያለሽ፤ ልግዛ ወይስ ይቅር?» ብለሽ ጠየቅሽኝ። እኔ እንኳ ሥራዬ ቤተ ሙከራ ውስጥ ሴሎችን መመገብ ብቻ ነው፤ ግን እያየሁ ስገረም እውላለሁ።

የምመግበው የልም አጥንት ሴል ነው፤ ጆሮሽን ስታጥፊው እሺ የሚልሽ እሱ ነው። ልጅም የሚረዝመው በአጥንቱ ጫፍ ያለው ልም አጥንት እየተባዛ፣ ኋላም እየጠነከረ አጥንት ሲሆን ነው አሉ። የሚገርመው፣ ሴሎቹ ሳህን ላይ ተዘርግተው ሲቆዩ ማንነታቸውን ይረሳሉ፤ ሰብስበን እንደ ምስር ስናድቦለቡላቸው መልሶ ትዝ ይላቸዋል። አንዱ የዕድገት ፕሮቲን ተባዙ ይላቸዋል፣ ሌላው ልም አጥንት ሥሩ፤ ከአንገት ዕጢ የሚመነጨው ሆርሞን ደግሞ ይበቃል፣ ብሰሉ ይላቸዋል። ያለ ጆሮ እንዴት እንደሚሰሙ ዛሬም አልገባኝም።

ባለፈው ወር ቸኩሌ የምንለው ባልደረባችን ቶሎ ይደጉልኝ ብሎ የማብሰያውን ሆርሞን ያለጊዜው ጨመረባቸው። ሰነባብተን ስናያቸው መባዛቱን ትተው፣ አብጠው ወደ አጥንትነት ሄደዋል። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ማለት ይኸው ነው።

ያኔ ለኃላፊያችን፣ ሐኪም ለሆነችው ሴትዮ፣ ያንቺን ነገር አነሳሁላት። የአንገቱ ሆርሞን ሲያንስም ልጅ ይቀጭጫል፣ ደሟ ይታይ አለች። ቀጥላም፣ «በአጥንቷ ጫፍ ያለው ልም አጥንት ገና ጠንክሮ ካልተዘጋ ጊዜ አላት፤ ከተዘጋ ግን የትኛውም መርፌ አያስረዝማትም» አለችኝ።

ስለዚህ እታለም፣ በሞቴ መርፌውን አትግዢ። የእጇን አንጓ ራጅ አስነሺና፣ መዘጋት አለመዘጋቱ በዚያ ይታያልና፣ ለልጆች ሐኪም አሳዪልኝ። ተዘግቷል ካሉሽ ፊቷ አታልቅሺ፤ ደውዪና ስልኩን ለእሷ ስጪልኝ።

እማዬን ጉልበቷን ሳሚልኝ። ባልሽን በርታ በይው፤ ወንዶቹንም ጆሯቸውን ቆንጥጪና ሳሚልኝ። ለልጅሽ ደግሞ እንዲህ በያት፦ አክስትሽም አጭር እንደሆነች ቀርታለች፤ ሴሎቹ ላይኛው መደርደሪያ ላይ ናቸውና በርጩማ ላይ ቆማ ነው የምትደርስባቸው፤ አንድም ቀን ግን ጦማቸውን አላደሩም።

እህትሽ
ከሴሎቹ ክፍል፣ መስኮቱ ሥር
ጥር ፱ ቀን